«ፊንላንድያ»፤ ቃል የሌለው ቅኔ

ሰምና ወርቅ የቃል ሥራ እንደ ሆነ ሁላችንም በአማርኛ ክፍል ተምረናል። አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ሲይዝ፥ ላይኛው ሰም፥ ውስጠኛው ወርቅ ይባላል። ታዲያ ቃል የሚባል ነገር ጨርሶ የሌለበት፥ በመለከትና በቫዮሊን፥ በዋሽንትና በከበሮ ብቻ የሚነገር ቅኔ ሊኖር ይችላልን? እኔ ይችላል ባይ ነኝ። ማስረጃዬም ዣን ሲቤልየስ የተባለው የፊንላንድ የሙዚቃ ደራሲ በ1899 ዓ.ም. የደረሰውና ዛሬ «ፊንላንድያ» ተብሎ የሚጠራው ድርሰት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።) ሙዚቃው ተጀምሮ እስኪያልቅ ስምንት ደቂቃ ያህል ብቻ ይፈጃል። ነገር ግን እነዚያን ስምንት ደቂቃዎች በሚገባ ለመስማት፥ አስቀድሞ የመቶ ዓመት ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል።

ፊንላንድ በሰሜን አውሮፓ፥ በስዊድንና በሩስያ መካከል የምትገኝ፥ ደንና ሐይቅ የበዛባት፥ ብርዷ የጸና አገር ናት። ለብዙ መቶ ዓመታት የስዊድን መንግሥት ግዛት ሆና ኖረች። በ1808 ዓ.ም. ሩስያ ወጋቻትና በ1809 ከስዊድን እጅ ወሰደቻት። ይሁን እንጂ የሩስያው ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ አሌክሳንደር ብልኅ ሰው ነበረና፥ አዲሱን ግዛቱን በጉልበት ብቻ መያዝ አልፈለገም። በፖርቮ ከተማ የመኳንንቱን፥ የካህናቱን፥ የነጋዴውንና የገበሬውን ወኪሎች ሰብስቦ፥ ሃይማኖታቸውንና የቀድሞ ሕጋቸውን እንደሚያከብርላቸው ቃል ገባ። በዚህ ዓይነት ፊንላንድ የራሷ ሸንጎ፥ የራሷ ሕግ፥ ከ1860 ወዲህም የራሷ ገንዘብ ያላት ግዛት ሆነች። ንጉሠ ነገሥቱ በሩስያ ፍጹም ገዢ ሲሆን፥ በፊንላንድ ግን በሕግ የታሰረ መስፍን ነበር ማለት ነው። ቢያንስ ፊንላንዳውያን ነገሩን የተረዱት እንዲህ ነው።

ከነገሥታቱ ሁሉ ይልቅ በፊንላንዳውያን ዘንድ የተወደደው ዳግማዊ አሌክሳንደር ነበር። ከ1809 ጀምሮ ሳይሰበሰብ የቆየውን ሸንጎ በ1863 ዓ.ም. እንዲሰበሰብ ያደረገ፥ የፊንላንድኛ ቋንቋም በቢሮና በፍርድ ቤት ቦታ እንዲያገኝ የፈቀደ እርሱ ነው። ስለዚህ በ1894 ዓ.ም. በሄልሲንኪ ዋና አደባባይ ሐውልት አቆሙለት። አንባቢ ይህን ሐውልት እንዳይረሳው እለምናለሁ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚያው በ1894 ዳግማዊ ኒኮላስ ነገሠ፤ የዳግማዊ አሌክሳንደር የልጅ ልጅ ነው። በ1898 ዓ.ም. ኒኮላይ ቦብሪኮፍ የተባለ የጦር መኰንን እንደራሴው አድርጎ ወደ ፊንላንድ ሰደደ። የእንደራሴው ዓላማ ግልጽ ነበር፤ ይኸውም ፊንላንድን እንደ ማናቸውም የሩስያ ጠቅላይ ግዛት ማድረግ ነው። በየካቲት 15 ቀን 1899 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አንድ ዐዋጅ አወጣ። መላውን የሩስያ ግዛት የሚነካ ነው የተባለ ሕግ ሁሉ ከእንግዲህ ወዲህ በንጉሠ ነገሥቱ ይወሰናል፥ የፊንላንድ ሸንጎም አስተያየት ከመስጠት በቀር ሥልጣን አይኖረውም የሚል ነው። የትኛው ሕግ መላውን ግዛት እንደሚነካ የሚወስነው ደግሞ ንጉሡ ራሱ ነው። የዘጠና ዓመቱ ቃል ኪዳን በአንድ ወረቀት ፈረሰ።

ሕዝቡ ምን አደረገ? ጠመንጃ አላነሣም። አቤቱታ ጻፈ። ክረምቱ ገና አልወጣምና ሰዎች በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ የአቤቱታውን ወረቀት ከመንደር ወደ መንደር አዳረሱት። ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከ522,000 በላይ ፊርማ ተሰበሰበ። የአገሩ ሕዝብ በዚያን ጊዜ ከሁለት ሚሊዮን ተኩል ብዙም የማይበልጥ ነበርና፥ ከአምስት ሰው አንዱ ያህል ፈረመ ማለት ነው። አምስት መቶ መልእክተኞችም ይህን ይዘው ወደ ፒተርስበርግ ሄዱ። ንጉሠ ነገሥቱ ሳይቀበላቸው ወደየቤታቸው እንዲመለሱ አዘዘ።

በዚህ ጊዜ የሄልሲንኪ ሰዎች የሠሩትን ሥራ በጣም አደንቃለሁ። ወደ ዳግማዊ አሌክሳንደር ሐውልት እየሄዱ አበባ ያኖሩ ጀመር። የንጉሡን አያት በማክበሩ ማን ይከሰሳል? የትኛውስ ፖሊስ «ለሩስያ ንጉሠ ነገሥት አበባ አታምጡ» ብሎ ይከለክላል? ሰሙ ለሞተው ንጉሥ የቀረበ ፍቅር ነው፤ ወርቁ ግን በሕይወት ላለው ንጉሥ የተላከ ወቀሳ ነው። አበባውን ያኖረም፥ አበባውን ቆሞ የተመለከተ የጸጥታ ሠራተኛም፥ ሁለቱም ወርቁን ያውቁት ነበር።

ከዐዋጁ በኋላ ጋዜጦች ተጨነቁ። ሳንሱሩ ጠነከረ፤ አንዳንዱ ጋዜጣ ለሳምንት፥ አንዳንዱ ለወራት፥ አንዳንዱም ለዘለዓለም ተዘጋ። ጋዜጣ ሲዘጋ ጸሐፊው እንጀራውን ያጣል። ስለዚህ ከኅዳር 3 እስከ 5 ቀን 1899 ዓ.ም. በሄልሲንኪ «የጋዜጦች በዓል» የሚባል ዝግጅት እንዲደረግ ታሰበ። ምክንያቱ ለጋዜጠኞች የጡረታ ገንዘብ ማሰባሰብ ነው ተባለ። ለበጎ አድራጎት ነውና ፈቃድ ተገኘ። አሁን አንባቢ ሰሙንና ወርቁን ያለ እኔ እርዳታ መለየት የሚችል ይመስለኛል።

ለበዓሉ ዋና ሌሊት የሚሆነውን ሙዚቃ እንዲደርስ የተጠየቀው ሲቤልየስ ነበር። በ1865 ዓ.ም. በሐሜንሊና ከተማ የተወለደው ይህ ሰው፥ የቤቱ ቋንቋ ስዊድንኛ ነበር፤ ፊንላንድኛን በሚገባ ያወቀው በትምህርት ቤት ነው። በ1892 ዓ.ም. ለፊንላንድኛ ቋንቋና ባህል ይቆረቆር ከነበረ ቤተ ሰብ የተወለደችውን አይኖ ያርኔፌልትን አገባ። በዚያው ዓመት «ካሌቫላ» ከሚባለው ከፊንላንዳውያን የጥንት ትረካ የወሰደውን «ኩሌርቮ» የተባለ ታላቅ ድርሰት አሰምቶ ስሙ ወጣ። ፖለቲከኛ አልነበረም፤ ንግግር ሲያደርግም አልታየም። ወዳጆቹ ግን ጋዜጠኞችና ሠዓሊዎች ነበሩ። በዐዋጁ ዓመት በሚያዝያ ወር አስቀድሞ አንድ ነገር ሞክሮ ነበር፤ ስለ ጥንት አቴናውያን፥ ለአገር መሞትን ስለሚያወድስ አንድ የስዊድን ገጣሚ ግጥም ዜማ ሠርቶ በወንዶች ልጆችና በጎልማሶች አዘመረው። ግጥሙ ስለ ግሪክ ነው፤ አዳራሹ ግን ስለ ግሪክ አላሰበም።

ኅዳር 4 ቀን ሌሊት በስዊድን ቴአትር ቤት የቀረበው ትርዒት «ሕያው ሥዕል» የሚባለው ዓይነት ነበር። ይኸውም ተዋንያን እንደ ታሪኩ ለብሰው መድረክ ላይ ሳይንቀሳቀሱ ይቆማሉ፤ መጋረጃው ሲገለጥ ተመልካች የተሳለ ሥዕል ያየ ይመስለዋል፤ ግጥም ይነበባል፤ ኦርኬስትራውም ይጫወታል። ግጥሙን ከጻፉት አንዱ ኤይኖ ሌይኖ የተባለው ታዋቂ ባለ ቅኔ ነበር። ኦርኬስትራውን የመራው ሲቤልየስ ራሱ ነው።

ሥዕሎቹ ስድስት ነበሩ። በመጀመሪያው ቫይናሞይነን የተባለው የካሌቫላ ጀግና፥ ከእኛ ክራር ጋር የሚዛመድ መሣሪያ ይዞ ሲዘምር ታየ። ከዚያ ፊንላንዳውያን ሲጠመቁ፥ ከዚያም መስፍኑ ዮሐን በቱርኩ ግንብ፥ ቀጥሎም የፊንላንድ ወታደሮች በሠላሳው ዓመት ጦርነት ታዩ። እስከዚህ ድረስ የታሪክ መጽሐፍ ነው፤ ማንንም አያስቆጣም። አምስተኛው ግን ከበድ ይላል። እናት ፊንላንድ በልጆቿ ተከብባ በበረዶ ክምር ላይ ተቀምጣ፥ ጦርነት፥ ብርድ፥ ረኀብና ሞት ሲያስፈራሯት ያሳያል። ይህ «ታላቁ ቍጣ» የሚባለው፥ ከ1714 እስከ 1721 ዓ.ም. ድረስ የነበረው የመከራ ዘመን ነው። በዚያን ዘመን አገሩን ይዞ የነበረው ጦር የማን እንደ ነበረ በአዳራሹ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል፤ የሩስያ ጦር ነበር። መድረኩ ላይ ግን ሩስያ የሚል ቃል አልተነገረም።

ስድስተኛው «ፊንላንድ ነቃች» የሚል ነው። እዚህ ላይ ማን ቀድሞ ቢቆም ጥሩ ነው? ዳግማዊ አሌክሳንደር! የሐውልቱ ባለቤት። ከእርሱም ጋር ገጣሚው ሩኔበርግ፥ ለፊንላንድኛ ቋንቋ የታገለው ስኔልማን፥ ካሌቫላን ከገጠር አዛውንቶች አፍ የሰበሰበው ሐኪም ሌንሩት፥ ትምህርት ቤትና የመጀመሪያው የባቡር ሞተር ታዩ። የባቡሩ ነገር እንደ ቀልድ ሊመስለን ይችላል፤ ነገር ግን የፊንላንድ የመጀመሪያው ሐዲድ በ1862 ዓ.ም. ከሄልሲንኪ እስከ ሐሜንሊና፥ ማለት እስከ ሲቤልየስ የትውልድ ከተማ የተከፈተ ነውና ለዚያ ትውልድ ባቡር የመንቃት ምልክት ነበር። ንጉሥ፥ ገጣሚ፥ ፊደልና ባቡር፤ ሳንሱሩ ከዚህ ውስጥ የትኛውን ይሰርዝ? ለዚህ ለስድስተኛው ሥዕል የተደረሰው ሙዚቃ ነው ኋላ «ፊንላንድያ» የሆነው።

አሁን ወደ ሙዚቃው ልግባ። ባንድ ታሪክ ወይም ባንድ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ ለኦርኬስትራ የሚደረስ፥ ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ ሲምፎኒክ ፖዬም ይባላል። ስሙ ራሱ ግጥም ማለት አለበት። ሙዚቃው በጣፋጭ ዜማ አይጀምርም። ትሮምቦንና ቱባ የሚባሉት ከነሐስ የተሠሩ ትልልቅ የትንፋሽ መሣሪያዎች ከታች ያጓራሉ፤ ድምፁ ይነሣል፥ ይጠነክራል፥ ይቆማል፤ እንደገና ይነሣል። ከሥሩ እንደ ነጋሪት ያለ ከበሮ ያንጐደጕዳል። በትልቅ ድንጋይ ሥር የተያዘ ፍጥረት ሊነሣ ሲታገል የሚሰማ ይመስለኛል። ሌላው ግን ይህ ታጋዩ ሳይሆን ድንጋዩ ራሱ ነው ሊል ይችላል። በዚህ ነገር ከክፍል ጓደኛዬ ጋር ብዙ ተከራክረን አልተስማማንም፤ ቃል የለምና የሚፈርድ የለም።

ከማጓራቱ በኋላ እነ ዋሽንትና ክላሪኔት እንደ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ያለ ቀስ ያለ ነገር ይመልሳሉ፤ ባለ ክሮቹም ይቀበሏቸዋል። ማጓራቱ ግን አልሄደም፤ ይመለሳል፤ ጸሎቱንም ይሸፍነዋል። ከዚያ በድንገት ሙዚቃው ይፈጥናል። መለከቶቹ አንዱን ድምፅ ደጋግመው ይመታሉ፤ ረገጣው እኩል አይደለም፤ እግር የሚያሰናክል ምት አለው። አንዳንድ አድማጮች እዚህ ላይ ያ ባቡር ሲነሣ እንሰማለን ይላሉ። እኔ ደግሞ እስኪነገረኝ ድረስ አልሰማሁትም ነበር፤ ከተነገረኝ ወዲህ ግን ሌላ ነገር መስማት አቃተኝ።

ከዚህ ሁሉ ጩኸት በኋላ ነው ዋናው ዜማ የሚመጣው። በመለከት አይመጣም፤ በለሰለሰ ድምፅ፥ በእንጨት የትንፋሽ መሣሪያዎች፥ ከሥሩ ክሮች እየተንቀጠቀጡ ይመጣል። ዜማው ከአንዱ ድምፅ ወደሚቀጥለው በትንሽ በትንሹ ስለሚሄድ፥ ዘፈን የማይችል ሰው እንኳ ሊያዜመው ይችላል። ብዙ ሰዎች ይህ የጥንት የፊንላንድ ባላገር ዘፈን ነው ብለው ጽፈዋል። ስሕተት ነው፤ ሲቤልየስ ዜማው ከማንም ያልተወሰደ፥ የገዛ ራሱ መሆኑን አስረድቷል። ባለ ክሮቹ ደግመውት ጥቂት ካረፈ በኋላ ፈጣኑ ረገጣ ይመለስና፥ በመጨረሻ ያ ለስላሳ ዜማ በነሐሶቹ ድምፅ፥ በሙሉ ኃይል ይነሣል። መጀመሪያ ያጓሩት መሣሪያዎች እነዚያው ናቸው። ለእኔ የድርሰቱ ወርቅ እዚህ ላይ ነው።

በ1900 ዓ.ም. ሲቤልየስ ይህን ክፍል አርሞ ራሱን የቻለ ድርሰት አደረገው። በሐምሌ 2 ቀን ሮበርት ካያኑስ የተባለው የኦርኬስትራ መሪ በሄልሲንኪ አሰማው፤ ወዲያው ኦርኬስትራው በአውሮፓ ከተሞች እየተጫወተ በዚያ ዓመት በፓሪስ ወደ ተደረገው የዓለም ኤክስፖዚሲዮን ሄደ። ስሙን ያገኘበትም መንገድ የሚያስገርም ነው። አክሰል ካርፔላን የተባለ ድኻ ባላባት፥ ማንነቱን ሳይገልጥ ለሲቤልየስ ደብዳቤ ጻፈ። ሩስያዊው ሩቢንስታይን «ሩስያ» የሚል ድርሰት እንዳለው አስታውሶ፥ የአንተም «ፊንላንድያ» ይባል አለው። ስሙ ተወደደና ጸና።

ስሙ ከጸና በኋላ ግን ችግር መጣ። ብዙ መጻሕፍት ሙዚቃው ፈጽሞ ተከልክሎ ነበር ይላሉ፤ ነገሩ እንዲያ አይደለም። በፊንላንድ ውስጥ ይጫወቱት ነበር። አስቸጋሪው ስሙ ነው። በ1904 ዓ.ም. ሲቤልየስ በታሊንና በሪጋ ሲያሰማው፥ እነዚህም በሩስያ ግዛት የነበሩ ከተሞች ናቸውና፥ በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ የተጻፈው «ኢምፕሮምቱ» የሚል ነበር። ትርጉሙ ሳይታሰብበት እንደ መጣ የተሠራ ቁራጭ ሙዚቃ ማለት ነው። በፈረንሳይ ደግሞ «አገር» ተብሎ ተሰምቷል። አንድ ማስታወሻ ድምፅ ሳይለወጥ ስሙ ብቻ ሲለዋወጥ፥ አድማጩ ግን እያጨበጨበ ያውቀው ነበር። አንድ ግጥም ቢሆን ኖሮ ሳንሱሩ ሦስት መስመር ሰርዞ ይመልሰው ነበር፤ ከትሮምቦን ድምፅ ላይ የትኛውን መስመር ይሰርዛል?

ይሁንና ሙዚቃ ብቻውን አገር ነጻ አውጥቷል ብዬ አልጽፍም። ቦብሪኮፍ ቀጠለ፤ በ1900 ሩስኛ የመንግሥት ሥራ ቋንቋ እንዲሆን ዐዋጅ ወጣ፤ በ1901 የፊንላንድ ወጣቶች በሩስያ ጦር እንዲያገለግሉ ታዘዘ። በሰኔ 1904 ዓ.ም. ኦይገን ሻውማን የተባለ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ እንደራሴውን ተኵሶ ገደለ፤ ራሱንም ገደለ። በ1905 ታላቅ የሥራ ማቆም ሆነና የ1899ኙ ዐዋጅ ሥራ ላይ እንዳይውል ተደረገ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ጭቆናው ተመለሰ። ነጻነት የታወጀው በታኅሣሥ 6 ቀን 1917 ዓ.ም. ነው፤ እርሱም የሩስያ ዙፋን ራሱ ከወደቀ በኋላ። ነጻነቱም ብዙ ሳይቆይ በ1918 ፊንላንዳውያን ሁለት ወገን ሆነው እርስ በርሳቸው ተዋጉ። ያ ዜማ በዚያን ጊዜ ለየትኛው ወገን ነበር? ቃል የሌለው ቅኔ ለዚህ መልስ የለውም፤ ጉድለቱም ይህ ነው።

ምናልባት ስለዚህ ይሆናል ሰዎች ቃል ሊጨምሩበት የፈለጉት። ሲቤልየስ ይህ ለኦርኬስትራ የተጻፈ እንጂ ለመዘመር አልነበረም፥ ዓለም ልዘምረው ካለ ግን ምን ማድረግ ይቻላል የሚል ሐሳብ ነበረው። በ1937 ዓ.ም. ዌይኖ ሶላ የተባለ ዘፋኝ ግጥም ጻፈለት። በ1940፥ ፊንላንድ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ካደረገችው «የክረምት ጦርነት» በኋላ፥ ገጣሚው ኮስኬንየሚ ዛሬ ሁሉም የሚያውቀውን ግጥም ጻፈ። ብዙ የውጭ አገር ሰው ይህን የፊንላንድ ብሔራዊ መዝሙር ይመስለዋል፤ አይደለም። ብሔራዊ መዝሙሩ ከጀርመን አገር የመጣው ፓሲዩስ ለሩኔበርግ ግጥም በ1848 የሠራው ዜማ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ከሆነ፥ ቃሉ ሲጨመር ዜማው ለዘማሪው ቀለለ፤ ሰሙ ግን ቀለጠ። እኛ ጧት ጧት ሰንደቅ ዓላማ ሥር ተሰልፈን የምንዘምረው መዝሙር የሚለውን ሁሉ በግልጽ ይላል፤ ሥራውም ያ ነው። በ1899 ዓ.ም. በስዊድን ቴአትር ቤት የተቀመጠው ሕዝብ ግን በግልጽ መናገር የማይችል ነበር።

ዜማው ከፊንላንድም ወጣ። በብዙ አገሮች የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት የራሳቸውን የመንፈሳዊ መዝሙር ቃል አግብተውበት ይዘምሩታል። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ከናይጄርያ ተለይታ ነጻ ነኝ ያለችው ቢያፍራ ይህንኑ ዜማ ወስዳ ብሔራዊ መዝሙሯ አደረገችው። ያ ጦርነት እጅግ ብዙ ሕዝብ በረኀብ የፈጀ ነው። በነሐሴ 1968 ዓ.ም. የቢያፍራው መሪ ኦጁኩ በአፍሪካ አንድነት ድርጅት አማካይነት ለተደረገው የሰላም ንግግር ወደ ከተማችን ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ነበር፤ ንግግሩን ለማስማማት ይጥሩ የነበሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ስምምነት ሳይገኝ ቀረ። በጥር 1970 ዓ.ም. ቢያፍራ እጅዋን ሰጠች፤ መዝሙሯም ከእርሷ ጋር ከመንግሥት መዝሙርነት ወጣ።

ሲቤልየስ ይህን ሁሉ አላየም። በመስከረም 20 ቀን 1957 ዓ.ም. በዘጠና አንድ ዓመቱ፥ ከሄልሲንኪ ወጣ ብሎ በሚገኘውና በሚስቱ ስም «አይኖላ» ብሎ በሰየመው ቤቱ ሞተ። ሰባት ሲምፎኒዎች ጽፎ ሳለ ሰው ሁሉ ስለዚህች የስምንት ደቂቃ ድርሰት ብቻ ሲጠይቀው ይከፋው ነበር፤ ከትልልቅ ሥራዎቹ አንዱ አድርጎም አይቈጥራትም ነበር። አይኖላ ዛሬ ሙዚየም ነው። ዜማውም በየዓመቱ ታኅሣሥ 6 ቀን፥ በፊንላንድ የነጻነት በዓል፥ ይዘመራል።